የታሮት ካርታ ሠዓሊ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ፤ የ1909 ሥራዋና የስሟ ታሪክ

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የታሪክ ተማሪን የሚመለከት አይመስልም። ታሮት የሚባለው ካርታ ዛሬ በብዙ አገር የጥንቆላ ዕቃ ሆኖ ስለሚታወቅ፣ አንባቢው «ይህ ምን ቁም ነገር አለበት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግልጽ ልናደርገው የሚገባን ነገር አለ፤ ይኸውም ካርታ የሰውን ዕድል ይናገራል ብለን ለመከራከር አለመነሣታችን ነው። እኛን የሳበን ሌላ ጥያቄ ነው። በ1909 ዓ. ም. በሎንዶን ከተማ በእጇ ሥራ የምትተዳደር አንዲት ሠዓሊ በአንድ ደራሲ ትእዛዝ 78 ሥዕል ሠራች። ሥዕሎቹ በዓለም ተሰራጩ፤ ከእነርሱም በኋላ ብዙ ሌሎች ሠዓሊዎች ቀዱ። ሠዓሊዋ ግን በዕዳ ላይ እንዳለች ሞተች፤ ካርታውም ለብዙ ዘመን በአሠሪውና በአሳታሚው ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። እንግዲህ የአንድ ሥራ ባለቤት የምንለው ማንን ነው? ያሰበውን፣ ያሳተመውን ወይስ የሠራውን? ታሪክ ጸሐፊስ ይህን የሚለየው በምን ማስረጃ ነው?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ እንስጥ። አንደኛ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ካርታ» ስንል የመጫወቻውን ማለታችን ነው እንጂ የምድሩን ካርታ አይደለም፤ ሙሉውንም ስብስብ «እሽግ» እንለዋለን። ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩. ታሮት ከየት መጣ?

የመጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ከእስላም አገሮች፣ በተለይም ማምሉኮች ይገዙት ከነበረው ከግብፅ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። ከዚያ ዘመን ወገን የሆነ የማምሉኮች ካርታ ዛሬም በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ካርታ ላይ ያሉት አራት ወገኖች ጽዋ፣ ዲናር፣ ሰይፍና የፈረስ ጉግሥ መጫወቻ ዱላ ናቸው። ኢጣልያኖች ጽዋውን፣ ዲናሩንና ሰይፉን እንዳለ ሲቀበሉ፣ የፈረስ ላይ ጨዋታውን ስለማያውቁት ዱላውን ወደ ተራ በትር ለወጡት።

ታሮት የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። በ15ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በሰሜን ኢጣልያ፣ እንደ ሚላኖና ፌራራ ባሉ ከተሞች፣ በአራቱ ወገኖች ላይ ሌላ አምስተኛ ወገን ተጨመረ። ይህ አዲስ ወገን ባለሥዕል ሆኖ «የድል ካርታ» ይባል ነበር፤ በጨዋታውም የሌሎቹን ካርታዎች ሁሉ ያሸንፋል። ስለ እነዚህ ካርታዎች የሚናገሩት የመጀመሪያ ሰነዶች የተጻፉት ከ1440 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ነው። የሚላኖ መሳፍንት የነበሩት የቪስኮንቲና የስፎርዛ ቤተ ሰቦች ያሠሩት በእጅ የተሣለና በወርቅ የተለበጠ ካርታ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በኋላ እንደ ጸናው ልማድ አንድ እሽግ 78 ካርታ አለው፤ 22ቱ የድል ካርታዎች ሲሆኑ፣ የቀሩት 56ቱ ከአራቱ ወገኖች በያንዳንዱ አሥር ባለቁጥርና አራት የቤተ መንግሥት ካርታዎች፣ ማለት ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ፈረሰኛና አሽከር ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ታሮት ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ከጨዋታ በስተቀር ሌላ አገልግሎት እንዳልነበረው ነው። ዛሬም በፈረንሳይ፣ በኦስትሪያና በኢጣልያ ብዙ ሰው ምንም ምሥጢር ሳይፈልግበት ይጫወተዋል። ነገሩ የተለወጠው በ1781 ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ይህ ካርታ የጥንት ግብፃውያን ካህናት ጥበባቸውን የሸሸጉበት መጽሐፍ ነው ብሎ በጻፈ ጊዜ ነው። ይህን ሲጽፍ የግብፅን የጥንት ጽሕፈት ሊያነብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ ሻምፖልዮን ምሥጢሩን የፈታው በ1822 ነው። ጽሕፈቱም ከተነበበ በኋላ ለኩር ደ ዤብለን ሐሳብ የሚደግፍ ነገር አልተገኘም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተዘራ ወሬ በቀላሉ አይነቀልምና፣ ኤቴያ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1789 ለጥንቆላ ብቻ የተሰናዳ የታሮት ካርታ አሳተመ። በ1850ዎቹም ኤሊፋስ ሌቪ የተባለ ጸሐፊ 22ቱን የድል ካርታዎች ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጋር አዛመዳቸው። ይህ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በ1888 በሎንዶን የተመሠረተው «ወርቃማው ጎሕ» የተባለው የምሥጢር ማኅበር ተቀበለው።

እንግዲህ በ1909 የተሠራው አዲስ ካርታ ሁለት ታሪክ ከኋላው ነበረው፤ አንደኛው እውነተኛው የኢጣልያ የጨዋታ ታሪክ፣ ሁለተኛው በፈረንሳይ የተፈጠረው የግብፅ ተረት ነው። ሠዓሊዋ ከሁለቱም ወርሳለች።

፪. ሠዓሊዋ እስከ 1909

ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሎንዶን የካቲት 16 ቀን 1878 ተወለደች። ወላጆቿ አሜሪካውያን ነበሩ። ሕፃንነቷን ያሳለፈችው በማንቸስተር አካባቢ ሲሆን፣ በ1889 አባቷ የባቡር ሐዲድ በሚዘረጋ ኩባንያ ውስጥ ሥራ ስላገኙ ቤተ ሰቡ ወደ ጃማይካ ደሴት፣ ወደ ኪንግስተን ከተማ ሄደ። በዚያም የደሴቲቱ ሰዎች ማታ ማታ የሚያወሩትን የአናንሲን ተረት ሰማች። አናንሲ በብልጠቱ ከእርሱ የሚበልጡትን የሚያታልል ሸረሪት ነው፤ ተረቱንም ወደ ጃማይካ ያመጡት በባርነት ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ዛሬ ጋና ከምንለው አገር የተጋዙት የአካን ሕዝቦች ናቸው። ስሚዝ ይህን ተረት በሰማችው የሕዝብ አነጋገር ጽፋና በራሷ ሥዕል አስጊጣ በ1899 በኒው ዮርክ አሳተመች። በሎንዶንም በየሰዉ ቤትና በየአዳራሹ እየተጠራች ተረቱን በመተረክ ታውቃለች።

በ1893 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ወደሚገኘው ፕራት ኢንስቲትዩት ገብታ አርተር ዌስሊ ዳው ከተባለው መምህር ዘንድ የሥዕል ትምህርት ተማረች። ዳው የጃፓንን የእንጨት ማኅተም ሥዕል አጥብቆ የሚያደንቅ ሰው ነበር፤ ሰፊ ሜዳን በአንድ ቀለም መሙላትን፣ ዙሪያውንም በጉልህ መስመር መክበብን ያስተምር ነበር። በኋላ በታሮት ካርታዎቿ ላይ የምናየው አሣሣል ይኸው ነው። ትምህርቷን ሳትፈጽም በ1897 ወጣች። እናቷ በ1896፣ አባቷም በ1899 ሞቱባት። በዚህ ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በራሷ እጅ ሥራ መኖር ግድ ሆነባት።

ወደ ሎንዶን ተመልሳ ዝነኛይቱ ተዋናይ ኤለን ቴሪና ሄንሪ አርቪንግ በሚመሩት የላይሲየም ቴያትር ቤት ሰዎች መካከል ገባች፤ ለመድረክ የሚሆን ልብስና ዕቃ በመሣል ትረዳ ነበር። ከባለቅኔው ከዊልያም በትለር ዬትስና ከወንድሙ ከሠዓሊው ከጃክ ዬትስ ጋርም ተዋወቀች። በ1901 ወደ «ወርቃማው ጎሕ» ማኅበር የገባችው በእነዚህ ሰዎች መካከል ሳለች ነው። በ1903 «አረንጓዴ ነዶ» ብላ የሰየመችውን የራሷን መጽሔት ጀመረች፤ ሥዕሉን በእጅ ቀለም እየተቀባ አሥራ ሦስት ቍጥር ከወጣ በኋላ በ1904 ቆመ። ከመጽሔቱ ቀጥሎ የራሷን ማተሚያ ብታቋቁምም ገንዘብ አላመጣላትም።

ሆኖም ሥራዋ ያልታወቀ አልነበረም። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለው ዕውቅ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በኒው ዮርክ የፎቶግራፍ ማሳያ አዳራሽ ነበረው። በጥር ወር 1907 ከፎቶግራፍ ውጭ የሆነ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሲያሳይ የመረጠው የስሚዝን ሥዕሎች ነው፤ በ1908ና በ1909ም ደገመው። በዚህ አዳራሽ በኋላ የማቲስና የፒካሶ ሥራዎች ታይተዋል። ስለዚህ በ1909 ሥራ የተሰጣት ሴት ማንም የማያውቃት ጀማሪ ነበረች ማለት ስሕተት ይሆናል። ሙያዋ የታወቀ፣ ኪሷ ግን ባዶ የሆነ ሠዓሊ ነበረች ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

፫. የ1909 ሥራ

አርተር ኤድዋርድ ዌይት ስለ ምሥጢራዊ ትምህርቶች ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። «ወርቃማው ጎሕ» በ1903 ሲከፋፈል ከክፍሎቹ አንዱን የመራው እርሱ ነበር፤ ስሚዝም ከእርሱ ጋር ሄደች። በ1909 ዌይት፣ እንደ እርሱ አሳብ የተስተካከለ አዲስ የታሮት ካርታ እንድትሣል ጠየቃት። ሥራው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስድስት ወር ያህል ወሰደ፤ ካርታውም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዊልያም ራይደርና ልጁ በተባለው የሎንዶን አሳታሚ ቤት ታትሞ ወጣ።

አዲስነቱ ምን ላይ ነው? የድል ካርታዎቹና የቤተ መንግሥት ካርታዎቹ ከጥንት ጀምሮ ሥዕል ነበራቸው። አርባዎቹ ባለቁጥር ካርታዎች ግን በዘመኑ በሰፊው ይታወቅ በነበረው በማርሴይ ዓይነት ካርታ ላይ እንደ ተራ የመጫወቻ ካርታ ነበሩ፤ አምስት ጽዋ ማለት አምስት ጽዋ ተደርድሮ ማለት ነው። ስሚዝ ለእነዚህ አርባ ካርታዎች ለእያንዳንዳቸው ሰው ያለበት ትዕይንት ሠራችላቸው። በአምስት ዲናር ካርታ ላይ ሁለት ድኾች፣ አንዱ በምርኵዝ እየተደገፈ፣ ብርሃን ከሚታይበት የቤተ ክርስቲያን መስኮት በታች በበረዶ ውስጥ ያልፋሉ። በዐሥር በትር ካርታ ላይ አንድ ሰው ዐሥሩን በትር ባንድነት አቅፎ፣ ፊቱ በሸክሙ ተሸፍኖ፣ ወደ ከተማ ይሄዳል። በስምንት ዲናር ካርታ ላይ አንድ አንጥረኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ክቡን ይቀርጻል፤ የጨረሳቸውም በግንዱ ላይ ተሰቅለዋል። ይህን ለማየት ጥንቆላ መማር አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ራሱ ይናገራልና።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ባለቁጥር ካርታዎችን በትዕይንት በመሣል ስሚዝ የመጀመሪያዋ ናት ሲሉ ይገኛሉ። ይህ ግን መታረም አለበት። ሶላ ቡስካ በመባል የሚታወቀውና በ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በኢጣልያ የተሠራው የታሮት እሽግ 78ቱም ካርታዎች ሥዕል አላቸው፤ የእነዚህም ካርታዎች ፎቶግራፍ በ1907 ወደ ብሪታንያ ቤተ መዘክር ገብቶ ነበር። በሦስት ሰይፍ የተወጋው ልብ በሁለቱም ዘንድ ይገኛል፤ ሸክሙን አቅፎ የሚሄደውም ሰው በሁለቱ ዘንድ የሚመሳሰል ነው። ስለሆነም ስሚዝ ፎቶግራፎቹን አይታለች ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስለናል። ይህም ክብሯን አይቀንስም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው የሚመሳሰሉት ጥቂቶች መሆናቸውን፣ የቀሩት ግን የራሷ መሆናቸውን ይረዳል።

፬. ሥራው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። በቅድሚያ የዌይትን ወገን ክርክር በፍትሕ እንስማ። ካርታው እንዲሠራ ያሰበው እርሱ ነው። የድል ካርታዎቹን ምሥጢራዊ ትርጉም የወሰነውም እርሱ ነው፤ ለምሳሌ ያህል ቀድሞ 8ኛ የነበረውን ፍትሕን 11ኛ፣ 11ኛ የነበረውንም ኀይልን 8ኛ አድርጓል። የባለቁጥር ካርታዎቹም ትርጉም ቢሆን ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ በማኅበሩ ትምህርት ሦስት ሰይፍ ኀዘን፣ ዐሥር በትር ደግሞ ጭቆና ይባሉ ነበር። በተጨማሪም ዌይት የሠዓሊዋን ስም አልሸሸገም፤ ካርታው ሲወጣ በጻፈው መጣጥፍ ጠቅሷታል።

በሌላው ወገን ግን ሦስት ማስረጃ እናገኛለን። መጀመሪያው የዌይት የራሱ ቃል ነው። በ1938 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሠዓሊዋን በቅርብ እየመራ ያሠራቸውን ሥዕሎች ሲጠቅስ የሚያነሣው ካህኒቱን፣ ሞኙንና የተሰቀለውን ሰው ነው፤ ሦስቱም ከ22ቱ የድል ካርታዎች ወገን ናቸው። ስለ አርባዎቹ ባለቁጥር ካርታዎች ተመሳሳይ ነገር አይናገርም። አሠሪው ራሱ ድርሻዬ ነው ያላለውን እኛ ለእርሱ ልንሰጠው አይገባንም።

ሁለተኛው ማስረጃ ጊዜ ነው። ስድስት ወር 180 ቀን ያህል ነው፤ ለ78 ሥዕል ሲካፈል ለአንዱ ሥዕል ግፋ ቢል ሁለት ቀን ተኩል እንኳ አይደርስም። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዷ መስመር ትእዛዝ እየጠበቀ ሊሠራ አይችልም። የተሰጠው «ኀዘን» ወይም «ጭቆና» የሚል አንድ ቃል ቢሆን፣ ቃሉን ወደ ሰው፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ሰማይና ወደ ልብስ የሚለውጠው የሠዓሊው ልብና እጅ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ነው። ከብዙዎቹ ካርታዎች ላይ ሰዎቹ የቆሙበት ሜዳ እንደ መድረክ ወለል ዝርግ ሆኖ፣ ከበስተኋላቸው ያለው ከተማና ተራራ እንደ ቴያትር መጋረጃ ተሥሏል። ጉልህ መስመሩና ያልተደባለቀው ቀለም ከዳው ትምህርት የመጣ ነው። አንድን ረጅም ወሬ በአንድ ቅጽበት የመያዝ ችሎታዋም ተረት ስትተርክ ከኖረችበት ሙያ የተገኘ ይመስለናል። እነዚህ ሁሉ ከ1909 በፊት በነበሩት ሥራዎቿ የታዩ ናቸው፤ ከዌይት መጻሕፍት ግን አይገኙም።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። 22ቱ የድል ካርታዎች የሁለቱም የጋራ ሥራ ናቸው፤ አሳቡ በአብዛኛው የዌይት፣ መልኩ የስሚዝ ነው። አርባዎቹ ባለቁጥር ካርታዎች ግን፣ መነሻ ቃላቸውን ከማኅበሩ ትምህርት ቢያገኙም፣ በዋናው ነገር የስሚዝ ናቸው። ካርታውንም ከሌሎቹ ሁሉ የለየውና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሠዓሊዎች የተከተሉት በተለይ እነዚህን አርባዎቹን ነው።

፭. ስሟ እንዴት ቀረ፣ እንዴትስ ተመለሰ?

ስሚዝ ሥራውን እንደ ጨረሰች በኅዳር ወር 1909 ለስቲግሊትዝ ደብዳቤ ጻፈችለት። በዚያም ትልቅ ሥራ እንደ ጨረሰች፣ የተከፈላት ገንዘብ ግን እጅግ ትንሽ እንደ ሆነ ነገረችው፤ ከሥዕሎቹም ጥቂቶቹን ምናልባት የሚወዳቸው ሰው ቢገኝ ብላ እንደምትልክለት ገለጸች። ከዚያ በኋላ ካርታው ሲሸጥ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራትም። ካርታው የተጠራውም በአሳታሚውና በአሠሪው ስም «ራይደር ዌይት» ተብሎ ነው።

ከ1909 በኋላም ሥራ አላቋረጠችም። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ይታገል ለነበረው የሠዓሊዎች ማኅበር ሥዕል ሠራች፤ በ1911 የታተመውን የብራም ስቶከርን የመጨረሻ ልብ ወለድ፣ በ1913ም ኤለን ቴሪ ስለ ሩስያ ባሌት የጻፈችውን መጽሐፍ በሥዕል አስጌጠች። በ1911 የካቶሊክ ሃይማኖትን ተቀበለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአጎቷ ባገኘችው ውርስ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዎል፣ ሊዛርድ በተባለው ስፍራ ቤት ይዛ ለካቶሊክ ካህናት የዕረፍት ማረፊያ አደረገችው። ኑሮዋ ግን አልተቃናም። መስከረም 18 ቀን 1951 በዚያው በኮርንዎል በቢዩድ ከተማ ሞተች፤ የነበራትም ዕቃ ለዕዳዋ መክፈያ በጨረታ ተሸጠ።

ከሞተች ሃያ ዓመት በኋላ ካርታው እንደ ገና ተነሣ። ከ1971 ጀምሮ ዩ. ኤስ. ጌምስ ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዛት ሲያትመው፣ የወጣቱ ትውልድ ልብ ወደ ምሥጢራዊ ነገሮች ያዘነበለበት ጊዜ ስለ ነበረ በአጭር ጊዜ ውስጥ በዓለም ተሰራጨ። ኩባንያው በ2009 የካርታውን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በስሟ የመታሰቢያ እሽግ አወጣ፤ የኩባንያው መሥራች ስቱዋርት ካፕላን ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ ስለ ሕይወቷ የሚናገር ሰፊ መጽሐፍ በ2018 አሳተመ። አሁን ብዙ ሰዎች ካርታውን «ራይደር ዌይት ስሚዝ» ይሉታል። በእንግሊዝ ሕግ የሠዓሊ መብት ከሞተ በኋላ ሰባ ዓመት ስለሚጸና፣ ሥዕሎቹ በእንግሊዝ አገር ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሁሉ ሆነዋል። ሕጉ ሰባውን ዓመት የቈጠረው ከእርሷ ሞት ተነሥቶ ነው እንጂ በ1942 ከሞተው ከዌይት አይደለም። ሽያጩ የነፈጋትን የሠዓሊነት ስም ሕጉ፣ ለእርሷ በማይጠቅምበት ሰዓትም ቢሆን፣ መስክሮላታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ስሟ የቀረው ድኻ ስለ ነበረች ብቻ ነውን? ለዚህ ሌላ ምሳሌ ይረዳናል። አሌይስተር ክራውሊ የተባለው የምሥጢር ትምህርት ጸሐፊ ሌላ የታሮት እሽግ ሲያዘጋጅ ሥዕሎቹን ከ1938 እስከ 1943 የሠራችለት ሌዲ ፍሪዳ ሃሪስ ናት። እርሷ የሀብታም ሰው ሚስት ነበረች፤ እንዲያውም ክራውሊን በገንዘብ የምትረዳው እርሷ ነበረች፤ በ1942ም ሥዕሎቹን በስሟ ለሕዝብ አሳይታለች። ክራውሊ በ1947፣ ሃሪስም በ1962 ከሞቱ በኋላ ካርታው በ1969 ሲታተም ግን በሰፊው የታወቀው በክራውሊ ስም ነው። እንግዲህ ድኽነት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እኛ የምንገምተው ምክንያት ይህ ነው። እነዚህን ካርታዎች የገዛው ሰው የገዛሁት ትርጉምን ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ትርጉሙም ያለው ከካርታው ጋር በሚሸጠው መጽሐፍ ውስጥ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በጉልህ የሚታየው የጸሐፊው ስም ነውና፣ ካርታውም በዚያው ስም ተጠራ። ሥዕሉ የትርጉሙ ልብስ ብቻ ተደርጎ ተቈጠረ። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስናየው የሆነው ተቃራኒው ነው። የዌይትን መጽሐፍ ፈጽሞ ያላነበቡ ብዙ ሰዎች ሥዕሎቹን ያውቋቸዋል፤ በየጊዜው አዲስ የታሮት ካርታ የሚሠሩ ሠዓሊዎችም የሚነሡት ከስሚዝ ትዕይንቶች ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ስለ አንድ ሥራ አመጣጥ የሚነገረው ወሬ ከእውነተኛ ታሪኩ ጋር ብዙ ጊዜ የማይስማማ መሆኑ ነው። ታሮት የግብፅ ካህናት መጽሐፍ አይደለም፤ የኢጣልያ መሳፍንት መጫወቻ ነበር። ስሚዝም እንዲሁ ከማንም ሳትቀዳ ሁሉን የፈጠረች አይደለችም፤ ነገር ግን የሌላውን አሳብ ብቻ የገለበጠች እጅም አልነበረችም። ታሪክ ጸሐፊ የቀደመውን ተረት ሲያፈርስ በፈንታው አዲስ ተረት እንዳይተክል መጠንቀቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ዕቃው የተጠራበት ስም ብቻውን ማስረጃ የማይሆን መሆኑ ነው። ስም የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያወጣው ወይም መጽሐፍ የጻፈው ነው። የሠራውን ሰው ለማግኘት ደብዳቤዎችን፣ የዘመን ስሌትን፣ የቀደሙ ሥራዎችን፣ ከሁሉም በላይ ዕቃውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

በሦስት ዲናር ካርታ ላይ ስሚዝ የሣለችው አንድ የድንጋይ ጠራቢ ነው። በገዳም ውስጥ በአግዳሚ ላይ ቆሞ መዶሻውን ይዞ ሲሠራ፣ አንድ መነኵሴና አንድ ሌላ ሰው ፕላኑን ይዘው ከበታቹ ይመለከቱታል። አሠሪዎቹ ፕላኑን፣ ሠራተኛው መሣሪያውን ይዘዋል፤ ያለ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኑ አይቆምም። ስሚዝ የራሷን ነገር አስባ ሣለችው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ስለዚህ አንልም። ማስረጃ ያለን ስለ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱን የስሟን መነሻ ፊደላት አጣምራ የሠራችውን ምልክት በየካርታዎቹ ጥግ ላይ በትንሹ ጽፋዋለች። እሽጉ በሌሎች ስም በተጠራባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ምልክቱ አልጠፋም፤ አጎንብሶ የሚያነበው ሰው ይጠብቅ ነበር እንጂ።